ወተቷን ያላየንላት ፍየል

እኛ ሰፈር ፍየል ያለው ሰው ብዙ ነው። ፍየሉን የሚያልብ ግን ጥቂት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋንን አለፍ ስትሉ፣ ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች ጓሮ ሁለትም አምስትም ፍየል አይጠፋም። ገባ ብላችሁ "ወተት ይኖራችኋል?" ብትሉ መልሱ ይታወቃል። "ላሚቱ ነጥፋለች፤ ስትወልድ ነው እንግዲህ።" ይሄ ሲባል ፍየሊቷ እዚያው አጥሩ ጥግ ቆማ መንታ ልጆቿን ታጠባለች። ጡቷ ተወጥሯል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። የሰማዩ ይጠበቃል፤ ደጃፍ ላይ ያለው ግን አይታይም።

ፍየል ለእኛ ጥሬ ብር ናት። ልጅ ሲታመም ትሸጣለች። የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ሲመጣ ትሸጣለች። የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ ትሸጣለች። ይሄ ልክ ነው፤ እኔም እሸጣለሁ። ግን ከመሸጧ በፊት ባሉት ወራት ለአንድ ልጅ የምትሆን ኩባያ ወተት በየጠዋቱ ልትሰጠን ትችል ነበር። ያቺን ኩባያ አስበናት አናውቅም። ልጆቻችን ሻይ በዳቦ በልተው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሳይ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው ስለ ፍየል ወተት መጻፍ የፈለግሁት።

እኔ ራሴ ፍየል ማለብ የጀመርኩት ከአረብ አገር ከተመለስኩ በኋላ ነው። የሠራሁበት ቤት አባወራ የፍየል ወተት እንደ ክብር መጠጥ ነበር የሚጠጣው። "ይሄ እኮ እኛ አገር ሞልቷል" እል ነበር በሆዴ። መልሼ ደግሞ "ሞልቷል እንጂ ማን ይጠጣዋል?" እላለሁ። አገሬ ስገባ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ፍየሎች ገዛሁ። ማለቡን ያስተማረችኝ ግን አንዲት የአፋር ሴት ናት። በጋው ሲበረታ አፋሮች ከብታቸውን ይዘው ወደ ደጋው ጠርዝ ይወጣሉ። እኛ ሰፈር አጠገብ ሰፍረው በነበረ ጊዜ ውኃ ልትቀዳ መጥታ አንዷን ፍየሌን ዳበሰቻት። ጡቷን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "እቴ፣ ይቺን ለምን አታልቢያትም? ቤትሽ ወተት እያለ ልጆችሽ ለምን ይራባሉ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከኋላዋ ቁጢጥ ብላ በሁለት እጇ እንዴት እንደምታልባት አሳየችኝ። አፋሮች ዘንድ ይሄ የሴት ልጅ መጀመሪያ ትምህርት ነው። እኛ ዘንድ ግን ማንም አያስተምረውም።

መሬታችን ትንሽ ናት። ማሽላና ጤፍ እንዘራባታለን። የሚታለቡ ፍየሎች፣ አንዲት ላም፣ አንድ በሬ፣ አንዲት አህያ፣ የሀበሻ ዶሮዎችና ጓሮ ያሉ የንብ ቀፎዎች አሉን። በሬው ከጎረቤት በሬ ጋር ተጣምሮ ያርሳል። ከሁሉም ግን ጊዜዬን የሚወስዱት ፍየሎቹ ናቸው።

ቀኑ የሚጀምረው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። ግልገሎቹ ሌሊቱን ከእናቶቻቸው ተለይተው ነው የሚያድሩት። ቤት ውስጥ፣ ከመደቡ አጠገብ፣ በእንጨት የከለልናት ጥግ አለቻቸው። ይሄን የምናደርገው ለወተቱ ብቻ አይደለም። ጅብ አለ፣ ብርድም አለ። እናቶቹ በድንጋይ ካብ በተሠራው ጉረኖ ያድራሉ። በሩን ስከፍት ቀድማ የምትወጣው ቦቄ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው እንዲህ የተባለችው። ዳለቻ ግን በስሟ ካልተጠራች አትነቃነቅም። በግ ሲነዱት ይነዳል። ፍየል ግን ታውቃችኋለች፣ ትመርጣችኋለች፣ ትቀየማችኋለችም። አንድ ቀን ሌላ ሰው ካለባት ወተቷን ይዛ የምታስቀር ፍየል አለችኝ።

ማለቡ ራሱ አጭር ሥራ ነው። የሚበልጠው ዝግጅቱ ነው። ማለቢያውን ማታ በወይራ አጥኜ ደፍቼው ያድራል። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ጡቷን ለብ ባለ ውኃ ጠርጌ አደርቃለሁ። መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ወተት ለብቻው አፈሰዋለሁ፤ ጡቱ ጫፍ ላይ ያደረ ቆሻሻ የሚወጣው በእሱ ነው። ወተቱ የተቋጠረ ወይም ደም የመሰለ ከሆነም እዚያው ላይ ይታወቃል። የጡት በሽታ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ላም አራት የጡት ጫፍ አላት፤ ፍየል ያላት ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ከታመመ ግማሹ ወተት ሄደ ማለት ነው። ሁሉን አልጨርስም። የግልገሎቹን ድርሻ ትቼ እለቃቸዋለሁ። ሲሮጡ ማየት ነው እንግዲህ! ጅራታቸውን እያወዛወዙ እናቶቻቸውን በአፍንጫ ጎሸም ጎሸም ያደርጋሉ፣ ወተቱም ይወርዳል።

የአገራችን ፍየል ብዙ አትሰጥም። ግማሽ ሊትር ያለብኩባት ፍየል ጎበዝ ናት እላለሁ። ሳነን የምትባለው የስዊዘርላንድ ነጭ ፍየል በጥሩ አያያዝ በቀን 2 እና 3 ሊትር ትሰጣለች። በሐረርጌ በኩል ደግሞ አንግሎ ኑቢያን የሚባለውን ዝርያ ከአገር ቤት ፍየል ጋር የማዳቀል ሥራ ተሠርቷል። እኔ ግን የራሳችንን ፍየል አልንቅም። የእኛዋ ገደል ትወጣለች፣ እሾህ ትበላለች፣ ፀሐዩን ትችላለች። ነጭ ቆዳ ያላት ሳነን በዚህ በእኛ ቆላ ጥላ ካልተሠራላት ትለበለባለች። እዚሁ እኛው ወሎ፣ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ቦር የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ፍየል ከአገር ቤት ፍየል ጋር እያዳቀለ ሲያጠና ኖሯል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ቦር የሥጋ ፍየል ነው። የባቲ ፍየል ቆዳም በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በስሙ የታወቀ ነው፤ ባቲ ሲባል ለስላሳና ጠንካራ ቆዳ ማለት ነው። ሥጋዋ ተጠና፣ ቆዳዋ ተወደሰ። ወተቷን ግን ማን አነሳላት?

"ይሸታል" ይሉኛል። እንግዳ ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለው ይሄንኑ ነው። ይሸታል የሚሉት እውነት አላቸው፤ የቀመሱት ይሸት ነበርና። ግን ሽታው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ምክንያት ወጠጤው ነው። በመራቢያ ጊዜው ጺሙንና የፊት እግሩን በሽንቱ ያርሳል፣ ያ ሽታ እናቶቹ ጠጉር ላይ፣ ከዚያም ወተቱ ላይ ያርፋል። እኛ ወጠጤውን ለብቻው ነው የምናሳድረው። ሁለተኛው በረቱ ነው። በጠጡ በየቀኑ ካልተጠረገ ወተቱ ሽታውን ይስባል። ሦስተኛው መዘግየት ነው። የታለበ ወተት ቶሎ ካልፈላ ወይም ካልቀዘቀዘ፣ የፍየል ወተት ስብ በተፈጥሮው ቶሎ የፍየል ጠረን ያወጣል። እነዚህን ሦስቱን ስትጠብቁ ወተቱ ጣፋጭ ነው። ለእንግዶቼ ሳልናገር በወተት ያፈላሁትን ሻይ አቀርባለሁ። ጠጥተው "ድገሚኝ" ሲሉ ያኔ እነግራቸዋለሁ።

ሁልጊዜ ግን አፈላዋለሁ። ይሄን ለመናገር አልደክምም። ፍየልን የሚያስወርድ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ሰው ላይ የሚያደርሰው ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ረጅም ጊዜ ያሰቃያል። ሌላም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። የፍየል ወተት ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ያንሰዋል። ስለዚህ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የእናቱን ጡት አይተካም። ጡት ለጣለ፣ ለሚሮጥ፣ ለሚማር ልጅ ግን ሲሳይ ነው።

ቅቤ ለማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። የፍየል ወተት ስብ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ላም ወተት ቶሎ ላዩ ላይ አይሰፍም። ቅሉን ብዙ መግፋት ነው። የሚወጣው ቅቤም ነጭ ነው። የላም ቅቤ ቢጫ የሚሆነው ሣሩ ውስጥ ባለው ቀለም ነው፤ ፍየል ያንን ቀለም ሰውነቷ ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠው ወተቷም ቅቤዋም ነጭ ይሆናል። አማቴ መጀመሪያ ስታየው "ይሄ ሞራ ነው" ብላ አልቀበል አለች። አሁን ለፀጉሯ የምትመርጠው እሱኑ ነው። አይቡ ግን ያለ ምንም ክርክር ተወዷል። ክርስቲያን ጎረቤታችን ሁዳዴ ሲገባ የላሟን ወተት በሙሉ ቅቤ ታደርገዋለች። ለፋሲካ ዶሮ ወጧ ከእኔ አይብ ትወስዳለች፣ ረመዳን ላይ ደግሞ የእሷ ላም ወተት ለማፍጠሪያችን ይመጣል።

መኖው እንደ ወቅቱ ነው። ክረምት ሲገባ ቅጠሉ ሞልቷል፣ ፍየሎቹ ግን ዝናብ ይጠላሉ። ጠብታ ሲነካቸው ወደ ቤት ይሮጣሉ፣ እኔም ቅጠል ቆርጬ እወስድላቸዋለሁ። ጓሮ የተከልነው የመኖ ዛፍ፣ ሰስፓኒያና ሉሲኒያ፣ ያኔ ይደርሳል። በጋ ላይ የማሽላ አገዳና የግራር ፍሬ አለ። የግራሩ ፍሬ ሲረግፍ ልጆቹ ለቅመው በጆንያ ያስቀምጣሉ፣ እኔም ለሚታለቡት ብቻ እሰጣለሁ። አሞሌ ጨው በገመድ ተንጠልጥሎላቸዋል። ፉርሽካ ስናገኝ ለወለደች ፍየል ነው።

አደገኛው ጊዜ ዝናቡ ጀምሮ የሚያቋርጥበት ነው። ማሽላው በቅሎ፣ ጉልበት ድረስ ሳይደርስ ፀሐይ ሲመታው ቡቃያው ውስጥ መርዝ ይፈጠራል። ሳይናይድ የሚባለው ነው። ያንን የበላ ከብት በደቂቃዎች ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የእኛ አርሶ አደሮች የመርዙን ስም ሳይሰሙ ነገሩን ያውቁታል፤ የጠወለገ የማሽላ ማሳ አጠገብ ከብት አያሰማሩም። ልጆች ሲጠብቁ ሁሉም ጎረቤት "ከማሽላው አርቁ!" እያለ ይጮኻል።

ፍየል አገር ታጠፋለች ይባላል። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ። ይሄ ክስ ከባድ ነው፣ ደግሞ መሠረት አለው። ዝም ብለው የለቀቋት ፍየል የተተከለ ችግኝ አታስተርፍም። የወሎ ተራሮች እንዴት እንደተራቆቱ ዓይን ያየዋል። እኔ ግን ጥፋቱን ለእሷ ብቻ አልሰጥም። ደኑን የመነጠረው መጥረቢያ ነው፤ ፍየሏ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሰፈራችን ያለው ጋራ ከንክኪ ነፃ ሆኖ ተከልሏል። ከብት አይገባበትም፣ ሣሩ እየታጨደ ለነዋሪው ይከፋፈላል። ክትክታው ተመልሷል፣ ምንጩም በጋውን ሙሉ መፍሰስ ጀምሯል። የሚታለቡ ፍየሎች ደግሞ ቤት ውለው ቢቀለቡ ነው የሚሻለው። ገደል ለገደል ስትዞር የዋለች ፍየል ጉልበቷን በእግሯ ጨርሳ ነው የምትመጣው፣ ለጡቷ የሚተርፍ የላትም።

በሽታውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ ባለኝ። ደስታ መሰል በሽታ ሰፈራችን የገባ ጊዜ መጀመሪያ የፍየሎቹ ዓይንና አፍንጫ ፈሰሰ። ከዚያ አፋቸው ቆሰለ፣ ከዚያ ተቅማጥ። ግልገሎቹ ናቸው ቀድመው የሄዱት። ክትባቱ የደረሰን ዘግይቶ ነው። ስሙ "ደስታ መሰል" የሆነው ዋናው ደስታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ስለነበረ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን ጊዜ የአገሩን በሬ ሁሉ የጨረሰው እሱ ነው። ያ በሽታ ዛሬ ከምድር ላይ የለም። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ደረጃ መጥፋቱ ታውጇል። ያጠፋው ክትባት ነው። የፍየሉንና የበጉንም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል። ቢሾፍቱ የተመረተው ክትባት እኛ ቀበሌ በጊዜው እንዲደርስ እኔ ከልቤ እለምናለሁ። አንድ ጊዜ የተከተበች ፍየል ለዓመታት ትጠበቃለች። እኛ የምንፈልገው ክትባቱ ከበሽታው ቀድሞ እንዲመጣ ብቻ ነው።

ዶሮዎቹም የራሳቸው ፈንግል አላቸው። ሲመጣ ቆጡን ባዶ ያደርጋል። የዚያኛው መድኃኒትም ክትባት ነው፣ በውኃ የሚሰጥ። ሸለምጥማጥ ደግሞ ሌላው ነው። ንቦቹ ራሳቸውን ያስተዳድራሉ፣ እኛ ጓሮውን አበባ እንዳያጣ ብቻ እንጠብቃለን። አህያዋን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ውኃ የምታመጣው እሷ፣ እህሉን ወፍጮ የምታደርሰው እሷ፣ ባቲ ገበያ ጭነት የምትወስደው እሷ ናት። ማንም ፉርሽካ አይሰጣትም። እኔ እሰጣታለሁ።

ባቲ ሰኞ ሰኞ ነው የሚቆመው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው የሚገናኙበት ገበያ ነው። ግመሉ በአንድ በኩል፣ ፍየሉ በሌላ በኩል። ፍየል ሊገዛ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ወገቧን ይዳብሳል፣ ስቧን ይለካል። እኔ ጎንበስ ብዬ ጡቷን ሳይ ሻጩ ይገረማል። ሁለቱም ጫፍ መክፈቻው ደህና መሆኑን አያለሁ፣ ጡቱ ውስጥ እብጠት እንደሌለ እዳብሳለሁ። ጥርሷን አያለሁ። ልጇ አብራት ካለች የልጇን ሆድ አያለሁ፤ የጠገበ ግልገል ከማንም ሻጭ በላይ ይመሰክራል። ያም ሆኖ ባቲ ደህና የምትታለብ ፍየል ማግኘት ከባድ ነው። ወተት ያላትን ፍየል አፋር ገበያ አያወጣትም። ድርቅ ሲመጣ ብቻ ነው የምትወጣው። ያኔ ደግሞ ርካሽ ናት፣ ግን ለመግዛት ልብ አይፈቅድም። የምትሸጠዋን ሴት ፊት እያያችሁ ዋጋ መቀነስ አትችሉም። እኔ አልከራከርም።

አማቴ ስለ 77 ብዙ ማውራት አትወድም። ባቲ የነበረውን የተረጂዎች መጠለያ አይታለች፣ እዚያ ያጣቻቸውም ሰዎች አሉ። አንድ ነገር ግን ደጋግማ ትናገራለች። መጀመሪያ ላሞቹ ሞቱ። ፍየሎቹ የግራር ቅጠልና የቁልቋል ቅርፊት እየበሉ ከረሙ። "ያኔ ማለብ ብናውቅ" ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ወተቱ ያኔ ስንት ልጅ እንደሚያተርፍ እኔ መናገር አልችልም፤ በድርቅ የፍየልም ወተት ይቀንሳል። ግን የልጅ ልጆቿ ጠዋት ጠዋት ሲጠጡ ከአጠገባቸው የማትነሳው ለምን እንደሆነ ይገባኛል።

ባለፈው ታች ሰፈር ያለች ልጅ እግር እናት መጣች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ባሏ ጅዳ ነው። ፍየል መግዣ ገንዘብ የላትም። ዳለቻ ያደረሰቻትን ሴት ፍየል በርቢ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ርቢ እኛ አገር ያለ ነው፤ ባለቤቱ ከብቱን ይሰጣል፣ ያዡ ይመግባል ይጠብቃል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የመጀመሪያው ግልገል የእሷ፣ ሁለተኛው የእኔ፣ መንታ ከሆነ አንድ አንድ። ወተቱ በሙሉ የእሷ ነው። አማቴ ከመደቡ ላይ ሆና ሰምታን ኖሮ፣ "አንቺ ልጅ፣ ወጠጤ ሲወለድ ሽጪው፣ ሴቷን ግን እንዳትነኪያት" አለቻት።

ፍየሏ ተጠቅታለች፣ አምስት ወር ሲሞላት ትወልዳለች። የበልግ ዝናብ ከጣለ ልክ ቅጠሉ ሲያቆጠቁጥ ይሆናል። እስከዚያ ልጅቱ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ቦቄን ታልባለች። መጀመሪያ ቀን ወተቱ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። አሁን ማለቢያው ውስጥ እየገባላት ነው፣ ግማሹንም ለልጆቿ ይዛ ትሄዳለች።